አንድ ብር 86 የጅቡቲ ፍራንክ የነበረበት ዘመን

ጣና ማዶ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባሕር ዳር ነው የምኖረው። በአንድ የጭነት ትራንስፖርት ማኅበር ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ሾፌሮቻችን ጅቡቲ ደርሰው ሲመለሱ ደረሰኛቸውን የማወራርደው እኔ ነኝ። ስለዚህ ፍራንክን ወደ ብር መመንዘር የየዕለት ሥራዬ ነው።

ሰሞኑን ቡና ላይ አንድ አንጋፋ ሾፌር «በደርግ ጊዜ አንድ ብር ሰማንያ ስድስት ፍራንክ ይይዝ ነበር» አሉ። ወጣቶቹ ሳቁ። አይፈረድባቸውም፤ ዛሬ አንድ ብር ሁለት ፍራንክ እንኳ አይሞላም። ጋሼ ያሉት ግን እውነት ነው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣና ለምን ያን ያህል እንደቆየ ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል ብዬ ነው ይህን ርዕስ የከፈትኩት። የሁለት አገር ሒሳብ ስለሆነ ዓመቶቹን በእ.ኤ.አ. እጽፋለሁ።

ከፍራንኩ ልጀምር፤ እሱ አጭር ነው። በማርች 1949 ጅቡቲ፣ ያኔ የፈረንሳይ ግዛት ሳለች፣ የራሷን ፍራንክ ስታገኝ አንድ ዶላር 214.392 ፍራንክ ተባለ። በ1971 መጨረሻ 197.466 ሆነ። በ1973 መጀመሪያ 177.721 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም። በ1977 ነፃነት ሲመጣም አልተነካም። ዛሬም 177.721 ነው።

የብሩ ደግሞ እንዲህ ነው። በ1945 ከጣሊያን በኋላ አዲሱ ብር ሲወጣ አንድ ዶላር 2.4845 ብር ነበር። በ1964 2.50 ሆነ። በ1971 መጨረሻ 2.30፣ በ1973 መጀመሪያ 2.07። ከዚያ እስከ ኦክቶበር 1992 ድረስ 2.07 ላይ ቆየ። በዚያ ወር በአንድ ጊዜ 5.00 ገባ።

ሁለቱን አካፍሏቸው። በ1949 አንድ ብር 86.29 ፍራንክ ነው። በ1964 85.76። በ1971 85.85። በ1973 85.86። በ43 ዓመት ውስጥ ንጉሡ ወርደዋል፣ ደርግ መጥቶ ሄዷል፣ ጅቡቲ ነፃ ወጥታለች፣ በኦጋዴን ጦርነት የባቡሩ መስመር ተቋርጧል። የብርና የፍራንክ ምንዛሬ ግን አንድ ሙሉ ፍራንክ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ይህ መረጋጋት ስለ ሁለቱ አገሮች ምንም አይነግረንም ባይ ነኝ። ጣና ዳር ከአንድ ግንድ ላይ የታሰሩ ሁለት ታንኳዎችን አስቡ። እርስ በርስ አይራራቁም። ይህ የሚያሳየው ግን የገመዱን ርዝመት እንጂ የነፋሱን ነገር አይደለም። ብርና ፍራንክ የታሰሩበት ግንድ ዶላር ነበር። የአንዱ ገመድ የተፈታ ዕለት ነው እውነተኛው ታሪክ የጀመረው።

እስኪ የምታውቁትን አምጡ። በተለይ ያን ጊዜ ባንክ ቤት የነበራችሁ፣ መንገድ ላይ የነበራችሁ።

ባለ ተሳቢ፦

ወንድሜ እጅህ ይባረክ። እኔ የዚህ መስመር ሾፌር ነኝ። ከድንበሩ ከጋላፊ በሚሌ ወጥተን ወልድያ፣ ጋሸና፣ ደብረ ታቦር፣ ወረታ፣ ከዚያ ባሕር ዳር። መንገዱን በእንቅልፌም እነዳዋለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህ። እኛ ሾፌሮች «አንድ ብር ስንት ፍራንክ» ብለን አናስብም። የምናስበው በኖት ነው። ጅቡቲ የሚዘረዘረው ትንሹ ኖት ባለ 1000 ነው። ከዚያ በታች ሳንቲም ነው። ውሃ፣ ምሳ፣ ሻወር፣ የስልክ ካርድ፣ ወደብ ውስጥ ተራ እስኪደርስ የሚወጣው ወጪ ሁሉ በዚያች ባለ 1000 ነው የሚቆጠረው። እና እስኪ «ባለ 1000 ፍራንክ ኖት ስንት ብር ነበር» ብለህ አስላው። እንደዚያ ስትለው ለእኛ ለሾፌሮቹ ቶሎ ይገባናል።

ሌላም አለ። ጋላፊ ላይ የሚመነዝሩልህ ሰዎች የባንኩን ቁጥር አያውቁም፣ ማወቅም አይፈልጉም። የያዝከውን ብር ያዩታል፣ ስንት መኪና ተሰልፎ እንደሚጠብቅ ያዩታል፣ ከዚያ ዋጋ ይጠሩልሃል። ቅዳሜ ማታ የተጠራልህ ሰኞ ጠዋት አይገኝም። አስቸኳይ የሆነበት ሰው በተጠራለት ይመነዝራል።

ጣና ማዶ፦

ባለ ተሳቢ፣ ይኸው በኖት። ሁሉም በኦፊሴላዊ ምንዛሬ ነው፤ ጋላፊ ላይ የሚጠራው ሌላ እንደሆነ አንተው ብለኸዋል።

አንድ ባለ 1000 ፍራንክ፦
በ1949፦ 11 ብር ከ59 ሳንቲም
ከ1973 እስከ ሴፕቴምበር 1992፦ 11 ብር ከ65
ኦክቶበር 1992 (ዶላር 5.00)፦ 28 ብር ከ13
ሴፕቴምበር 2010 (ዶላር 16.35)፦ 92 ብር
ኦክቶበር 2017 (ዶላር ወደ 26.9)፦ 151 ብር ገደማ
ጁላይ 28 ቀን 2024 (ዶላር 57.48)፦ 323 ብር ገደማ
ጁላይ 29 ቀን 2024 (ዶላር 74.73)፦ 420 ብር ገደማ
ዶላር 100 ብር ሲገባ፦ 563 ብር ገደማ

የመጨረሻዎቹን መስመሮች ልብ በሉ። በአንድ ሌሊት ወደ መቶ ብር ጨመረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ የለቀቀበት ቀን። በዚያ ሌሊት ጅቡቲ ውስጥ አንዲት ፍራንክ አልተወደደችም፣ አልረከሰችም። ሁሉም ነገር የሆነው በእኛ በኩል ነው።

ጡረተኛዋ፦

ጣና ማዶ ልጄ፣ ደግ ሥራ ነው የጀመርከው። እኔ ዕድሜዬን ባንክ ቤት ነው የጨረስኩት፤ ሁለት ሦስት ነገር ልጨምርልህ።

አንደኛ፣ በ1971ና በ1973 የሆነውን በደንብ መረዳት ያስፈልጋል። ያኔ ሁሉም ገንዘብ በስተጀርባው የወርቅ ልክ ነበረው። አንድ አውንስ ወርቅ 35 ዶላር ተብሎ ነበር የኖረው። በዲሴምበር 1971 38 ዶላር ተባለ። በፌብሩዋሪ 1973 ደግሞ 42.22። ዶላር ወረደ ማለት ነው። ጅቡቲም እኛም የወርቅ ልካችንን አልነካነውም። ስለዚህ ሁለታችንም በዶላር ስንለካ እኩል ወጣን። በወረቀት ሞክሩት። 214.392ን በ35 አባዙ፣ በ38 አካፍሉ። 197.466 ይመጣል። 2.50ንም እንዲሁ አድርጉ፤ 2.30 ይመጣል። በ42.22 (ሳይጠጋጋ 42.2222) ስታደርጉት 177.72 እና 2.07 ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። ሁለት መንግሥታት ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ነገር ስላደረጉ ነው ያ ቁጥር 85 እና 86 መካከል የቆየው። ይህን ዛሬም በወረቀትና በእርሳስ ስሠራው ደስ ይለኛል።

ከ1973 በኋላ የወርቁ ነገር አበቃ። ሁለቱም ዶላሩን ራሱን ይዘው ቀሩ።

ሁለተኛ፣ 2.07 የሚለው ቁጥር በሕግ የተቆረጠ ቁጥር ነው። መስኮት ላይ ቆሜ አይቻለሁ። በ2.07 ዶላር የሚያገኘው ፈቃድ የያዘ ነው፤ መድኃኒት የሚያስመጣ፣ መሥሪያ ቤት የላከው፣ ለሕክምና የሚወጣ። ከዚያ ውጭ ያለው ሰው ቁጥሩን ያየዋል እንጂ አይነካውም። ከመስኮቱ ውጭ ደግሞ ሌላ ዋጋ ነበር፤ ከእጥፍ በላይ። ስለዚህ 85.86 ስትሉ የማን እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።

ሦስተኛው ለሰንጠረዥህ የሚጠቅም ነው። የእኛ ባንክ ሪፖርት የሚወጣው በበጀት ዓመት ነው፤ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30። የጅቡቲ በፈረንጅ ዓመት ነው። የ1992/93ን የበጀት ዓመት አማካይ ስታይ ወደ 4.27 ሆኖ ታገኘዋለህ። ምን ማለት ነው? ሦስት ወር በ2.07፣ ዘጠኝ ወር በ5.00፤ አማካዩ ያ ነው። በዚያ ዓመት ውስጥ ግን ዶላር 4.27 የሆነበት አንድም ቀን የለም። ያን አማካይ ወደ ፍራንክ ብትመነዝረው 41.6 ፍራንክ ይልሃል። በዚያ ዋጋ የመነዘረ ሰው አልነበረም። ስለዚህ አማካይን ትተህ ቀኑን ያዝ።

ጣና ማዶ፦

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን። የበጀት ዓመቱ ነገር በጣም ትልቅ ነጥብ ነው። ሰንጠረዡን ከአማካይ አውጥቼ በቀን አደርገዋለሁ። ከጎኑም «ማን ያገኘው ነበር» የሚል መስመር እጨምራለሁ።

ደጉ ዘመን፦

እኔ እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ሳነብ ሆዴ ይባባል። ብር ጠንካራ ነበር። አንድ ብር ሰማንያ ስድስት ፍራንክ! ያ ዘመን እንዴት እንዳለፈን የሚነግረን ሰው ይኑር። አሁን ወረቀት ተሸክመን ነው ገበያ የምንወጣው። እናንተ ደግሞ «ቁጥሩ ምንም አያሳይም» ትላላችሁ። የሚያሳየውማ አለ። በአሥር ብር ቤተሰብ ይበላ ነበር።

ዘጌ ቡና፦

ደጉ ዘመን፣ በአሥር ብር ቤተሰብ መብላቱን አልክድም። እኔም በልቻለሁ። የውጭ ምንዛሬው ግን ሌላ ነገር ነው። ከቡና አምራች ወገን ሆኜ ልንገርህ።

አንድ ላኪ ቡና ሸጦ አንድ ዶላር አመጣ እንበል። ዶላሩን ለመንግሥት አስረክቦ በእጁ የሚገባው 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነው። ከዚያ ላይ ግብሩ፣ ትራንስፖርቱ፣ የሰብሳቢው ድርሻ ይነሳል። ለገበሬው የሚደርሰው የተረፈው ነው። ያንኑ ቡና በድንበር ያሻገረው ሰው ደግሞ ለአንዱ ዶላር ከእጥፍ በላይ ብር ያገኝበታል። እና ቡናው ወዴት ይሄዳል? ወደ ኮንትሮባንድ ነው የሄደው። ቡናውን ለቅሞ ያደረቀ ሰው ነው የ«ጠንካራ ብር»ን ዋጋ የከፈለው። ከተማ ተቀምጦ የውጭ ዕቃ በ2.07 የሚያስመጣው ተጠቀመ።

እኔ ብር እንዲወድቅ የምፈልግ ሰው አይደለሁም። ያ ዘመን ለሁሉም ደግ እንዳልነበር ግን መባል አለበት።

ደጉ ዘመን፦

እሺ፣ የገበሬውን ተቀብያለሁ። የከተማው ጡረተኛስ? ከጁላይ 2024 በኋላ በጡረታ ብቻ የሚኖር ሰው ምን ይሁን? ያን ሰው ማን ይቁጠረው?

ጡረተኛዋ፦

ያ ሰው እኔ ነኝ ወንድሜ። በየወሩ የምቆጥረው ራሴ ነኝ። የጡረታ አበሌ ለጅቡቲ ፍራንክ አይደለም ግድ የሚለው፤ ለዘይትና ለመድኃኒት ነው። ሁለቱም በዚያው ወደብ ነው የሚገቡት። ስለዚህ ፍራንክ ሳልነካም ፍራንኩ ይነካኛል። እውነትህን ነው፣ ለጡረተኛ ከባድ ጊዜ ነው። የቀድሞው ቁጥር ግን በመኖሩ ብቻ አያድነንም ነበር፤ ዶላሩ ካዝና ውስጥ ከሌለ በ2.07ም በ57ም ዘይት አይገባም።

መተማ፦

ከጎንደር ነኝ፣ አሁን የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ለብዙ ጊዜ በሰሊጥ ንግድ መተማ ተመላልሻለሁ። እናንተ የጅቡቲን ያዛችሁት፤ የሱዳኑ ፓውንድ ደግሞ የተገላቢጦሽ ታሪክ አለው።

በ1960ዎቹ አንድ የሱዳን ፓውንድ ከ7 ብር በላይ ነበር። ፓውንዱ ያኔ 2.87 ዶላር ነው፣ በእኛ 2.50 አባዙት። የሱዳን ሰው ጎንደር ሲገባ ንጉሥ ነበር ይባላል። ከዚያ ፓውንዱ ወደቀ። በ1992 ፓውንዱን ወደ ዲናር ቀየሩት፤ አሥር ፓውንድ አንድ ዲናር። በ2007 ተመልሰው ፓውንድ አሉት፤ መቶ ዲናር አንድ አዲስ ፓውንድ። ስለዚህ ያለ ጥንቃቄ የድሮና የዘንድሮ ፓውንድ ቁጥር አንድ መስመር ላይ የጻፈ ሰው በሺህ እጥፍ ይስታል። ሰንጠረዥ የምትሠሩ ልብ በሉ።

አሁን ወደ ዋናው። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2021 ካርቱም ኦፊሴላዊውን ምንዛሬ ከ55 ወደ 375 ፓውንድ በዶላር አወጣችው። የእኛ ዶላር ያኔ ወደ 40 ብር ነበር። በወረቀት ካያችሁት አንድ ብር ከ1.4 ፓውንድ ወደ 9.4 ፓውንድ ዘለለ። ብር በአንድ ቀን ወደ ሰባት እጥፍ ከበረ ማለት ነው። መተማ ላይ ግን ምንም አልሆነ። በእውነት ምንም። ምክንያቱም እኛ በ55 ነግደን አናውቅም። ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳን በኩል ገላባት ያለው ነጋዴም በ55 አልነገደም። ገበያው ከዚያ በፊት ተራምዶ ነበር፤ ባንኩ ኋላ ላይ ነው የደረሰበት።

በጅቡቲው በኩል እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም፤ የፍራንኩ የወረቀትና የገበያ ዋጋ አንድ ስለሆነ። ፍራንክ ይዛችሁ ባንክ ብትገቡ ዶላር ይሰጧችኋል። ልዩነቱ ሁሉ የሚመጣው ከአንድ ወገን ነው፣ ከብሩ። ሱዳንና እኛ ስንገናኝ ግን ሁለቱም ገንዘቦች ሁለት ሁለት ዋጋ አላቸው። ሁለት ኦፊሴላዊ፣ ሁለት የጎዳና፤ ስትደባልቋቸው አራት ዓይነት ምንዛሬ ይወጣል። ነጋዴው ከአራቱ አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ባለ ተሳቢ፦

መተማ፣ ይህችን አስቀምጣታለሁ። «ገበያው ተራምዶ ነበር፤ ባንኩ ኋላ ላይ ነው የደረሰበት።» ጋላፊም እንደዚያው ነው።

አሰብን የማውቅ፦

ስለ ኤርትራ ገንዘብ፣ ስለ ናቅፋ ማንም ሳያነሳ ቀረ እንዴ? የባሕር ዳር ዕቃ በሙሉ በአሰብ ይገባ የነበረበትን ጊዜ የምናስታውስ ብዙ ነን። ጅቡቲ የሾፌሮቻችን ዋና መስመር የሆነችው ከሜይ 1998 በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚሌ መንገድ ማለት የአሰብ መንገድ ማለት ነበር።

ታሪኩን አጠር አድርጌ። ኤርትራ እስከ 1997 በብር ነበር የምትጠቀመው። ኖቬምበር 8 ቀን 1997 ናቅፋ ወጣ። አስመራ አንድ ለአንድ ይሁን አለች፤ ሁለቱም በሁለቱም አገር ይሠራ አለች። አዲስ አበባ አልተቀበለችም። አዳዲስ የብር ኖቶች አወጣች፤ ንግዱ በውጭ ምንዛሬ፣ በኤልሲ (ባንክ ለሻጩ ክፍያውን በሚያረጋግጥበት ደብዳቤ) ይሁን ተባለ። ከ2000 ብር በታች የሆነው የድንበር ንግድ ብቻ ነው ከዚያ የተተወው። ኤልሲ መክፈት የማያውቅ ትንሽ ነጋዴ ስንት ነበር! ጨው፣ ጤፍ፣ ቡና የሚያመላልስ ሁሉ መንገድ ላይ ቀረ። ስድስት ወር ሳይሞላ ጦርነቱ መጣ። ጦርነቱ የተነሳው በገንዘብ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ በገንዘብ ብቻ ነው አልልም። ገንዘቡ ግን መቀራረቡን ቀድሞ እንደቆረጠው በዓይኔ ያየሁት ነው።

ናቅፋ ከ2005 ጀምሮ በዶላር 15 ላይ ታስሯል፤ እስካሁን እዚያው ነው። እንደ ፍራንኩ ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም። ፍራንክ ይዞ የሄደ ሰው ዶላር ያገኛል። በ15 ናቅፋ ዶላር ግን ደፍሮ የሚሸጥልህ የለም። ጁላይ 2024 ላይ የእኛ ዶላር 57.48 እያለ አንድ ናቅፋ በወረቀት 3.83 ብር ነው። ዶላር 100 ብር ሲገባ 6.67 ብር። አንድ ለአንድ የተባለው ገንዘብ ሰባት ብር ሊሞላ ነው ማለት ነው፣ በወረቀት። በዚያ ዋጋ ግን ማንም ናቅፋ አይገዛም። ሁለት ገንዘቦች ዓመታት ሳይነቃነቁ ይቆማሉ፤ አንዱ የቆመው ዶላር ከጀርባው ስላለ ነው፣ ሌላው ደግሞ ማንም እንዳይነካው ስለተከለከለ ነው።

ፔዳ ተማሪ፦

አስተያየቶቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ኢኮኖሚክስ ነው የማጠናው። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለምን እኛም እንደ ጅቡቲ አናደርግም? ፍራንኩ ከ1973 ጀምሮ አልወደቀም። የኛ መንግሥትም ብርን በሕግ ቢያስረው?

ጡረተኛዋ፦

ጎበዝ ልጄ። ማሰሩ ቀላል ነው፤ እኛም 19 ዓመት በ2.07 አስረነው አይተነዋል። ገመዱን የሚይዘው ነገር ነው ከባዱ። ጅቡቲ የምታትመው ፍራንክ ሁሉ ከጀርባው የውጭ ምንዛሬ አለው። ካዝናዋ ውስጥ ዶላር ካልገባ አዲስ ፍራንክ አታትምም። መንግሥቷ በጀት ሲጎድለው ማዕከላዊ ባንኩን «አትምልኝ» ማለት አይችልም። ይህን ማድረግ የቻለችው ገቢዋ ራሱ በዶላር ስለሆነ ነው። ወደብ አለ፣ የውጭ ጦር ሰፈር ኪራይ አለ። የእኛ ዕቃ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያ ነው፤ የምንከፍለው በዶላር ነው። የእኛ ዶላር ነው እንግዲህ ከገመዶቿ አንዱ።

ዋጋም ትከፍልበታለች። ጅቡቲ ውድ ከተማ ናት፤ ባለ ተሳቢ ይመስክር። ሥራ ሲጠፋም ገንዘቧን አርክሳ ዕቃዋን ርካሽ ማድረግ አትችልም። ለእርሻ አገር ያ ይከብዳል።

ባለ ተሳቢ፦

እመሰክራለሁ እትዬ። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ሲመጣ ውሃ ብቻ የሚያስወጣው ያሳዝናል።

ፎገራ፦

እኔ የሩዝ ገበሬ ልጅ ነኝ፣ ወረታ አካባቢ። ደረቅ ወደቡ እዚሁ ደጃችን ነው። ሰዎች ኮንቴነሩን ያዩታል፣ ቁጥሩን ግን አያዩትም። ለእኛ የጅቡቲ ፍራንክ ማለት ማዳበሪያ ነው። ዩሪያው ከባሕር ማዶ በዶላር ይገዛል። ወደብ ላይ ማራገፊያና ማቆያ አለ፣ እሱም በውጭ ምንዛሬ ነው። ሾፌሩ እዚያ ሲበላ በፍራንክ ነው። ሁሉም ተደምሮ ማዳበሪያው ላይ ያርፋል። ሩዙ ግን የሚሸጠው በብር ነው። አባቴ ምንዛሬ ምን እንደሆነ በሬዲዮ ነው የሚሰማው፤ ማኅበር ሄዶ የማዳበሪያውን ዋጋ ሲጠይቅ ግን ከሬዲዮው ቀድሞ ይረዳዋል።

አንድ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። እኛም ለጅቡቲ የምንሸጥላት አለን። ከ2011 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ኃይል ትገዛናለች። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ተመርቆ ነበር። የጣና ውሃ ወደ በለስ ወርዶ ተርባይን ያዞራል፤ ያ ኃይል ከአገሪቱ ቋት ይገባል፤ ከዚያው ቋት ጅቡቲ ትቀዳለች። የምትከፍለው በብር አይደለም። ስለዚህ የምንዛሬው መንገድ ወደ እኛም ይመጣል፤ ይሄ ጎን ቢሰፋ ነው የምመኘው።

ነጭ አሞሌ፦

ታሪክ የምትወዱ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። «ሁለት ገንዘብ፣ ሁለት ዋጋ» የሚለው ነገር በዚህ በጣና ዙሪያ አዲስ አይደለም። ማሪያ ቴሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ጎን ለጎን ሲሠሩ ኖረዋል። ብሩ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ 1780 የሚል የተቀረጸበት ነው። አሞሌው ከአፋር ምድር በግመል፣ ከዚያ በበቅሎና በአህያ ይመጣል። ከጨው ማውጫው በራቀ ቁጥር አንድ ብር የሚገዛው አሞሌ ያንሳል። መቀሌ ላይ ብዙ፣ ጎንደር ላይ ያነሰ፣ ጎጃም ውስጥ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ክረምት ገብቶ ወንዝ ሲሞላ ነጋዴ ስለማይመጣ አሞሌ ይወደዳል። ያኔ የምንዛሬውን ቁጥር የሚወስኑት መንገዱና ወቅቱ ነበሩ። ሾፌሩ ወንድማችን ስለ ቅዳሜና ሰኞ ያለው ነገር ከዚያ የተለየ አይደለም።

ጣና ማዶ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰንጠረዡን እንዲህ ላደርገው ነው። ቀኑ በእ.ኤ.አ.፣ ከጎኑ በእኛ አቆጣጠር፤ ለምሳሌ ኦክቶበር 1 ቀን 1992፣ መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም.። ከዚያ ፍራንክ በዶላር፣ ብር በዶላር፣ ፍራንክ በብር። በመጨረሻ «በዚህ ዋጋ ማን ያገኝ ነበር»። ናቅፋንና የሱዳን ፓውንድን ለየብቻ አደርጋቸዋለሁ፤ አንድ ላይ ቢገቡ ያሳስታሉ።

የብርና የፍራንክ አንድ ለአንድ የሚሆንበት ዋጋም ለጠየቃችሁኝ፤ ዶላር 177.72 ብር የገባ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ምንዛሬው ይገለበጣል፤ «አንድ ፍራንክ ስንት ብር» ነው የምንለው።

ባለ ተሳቢ፦

ያ ቀን መጣም አልመጣም፣ እኔ አሁን ልጠይቅህ። አበላችን የሚቆረጠው በብር ነው። ማኅበር በብር ይቆርጣል፣ እኛ እዚያ በፍራንክ እንበላለን። ይህ ሁሉ ሒሳብ ለአበሉ ምን ይላል?

ጣና ማዶ፦

ጥሩ ጠየቅህ፤ እኔንም ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ለምሳሌ አንድ ማኅበር 10,000 ብር አበል ቆርጦ ነበር እንበል። ጁላይ 28 ቀን 2024 ያ ብር በኦፊሴላዊ ምንዛሬ 30,919 ፍራንክ ነው። በማግስቱ 23,782 ሆነ። ዶላር 100 ሲገባ 17,772። ዶላር 150 ሲሆን 11,848። ሾፌሩ አበሉ አልተቀነሰበትም፤ ወረቀቱ ላይ ያው 10,000 ነው። ጅቡቲ ሲደርስ ግን ከሦስት ምሳ ሁለቱን አጥቷል ማለት ይቻላል።

ስለዚህ አበሉ በፍራንክ ይቆረጥ፤ በመውጫው ቀን የባንክ መሸጫ ዋጋ ወደ ብር ይመንዘርና ይከፈል ባይ ነኝ። ፍራንኩ ስለማይንቀሳቀስ በየወሩ ስብሰባ መጥራት አያስፈልግም። የእኛን ማኅበር ደብዳቤ አርቅቄዋለሁ። ሐሙስ ለቦርዱ ይቀርባል።

ባለ ተሳቢ፦

«የባንክ መሸጫ» የሚለውን አትርሳ። ሰዎቹ መግዣውን ሊያደርጉት ይፈልጋሉ። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች፤ በተሳቢ ብዛት ስታባዛት ግን ትንሽ አይደለችም።

ጡረተኛዋ፦

መሸጫው ነው። ሾፌሩ ፍራንክ ገዢ ነው፤ ባንክ ደግሞ ሻጭ። ደብዳቤው ላይ የባንኩን የዕለት ዝርዝር ቀኑን ጠቅሰህ አያይዘው፤ በኋላ ክርክር አይነሳም።